ክንፉ ራሱ ጋን ነው

ስሙኝማ! ቅዳሜና እሁድ ስልኬን ለምን እንደማላነሳ ዛሬ ልናገር ነው። ከናንተ ውስጥ ተጣልቶን ነው ያለ አለ። ታሞ ይሆናል ብሎ ምስር ወጥ ይዞ ቤት ድረስ የመጣም አለ (ወጡ ግሩም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ)። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ሁለት ወር ሙሉ እጄን እስከ ብብቴ አውሮፕላን ክንፍ ውስጥ ከትቼ ስፍቅ ነበር። ስልክ ደግሞ እዚያ አጠገብ ክልክል ነው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

አውሮፕላኗ ሙኒ ትባላለች። ቴክሳስ ውስጥ ከርቪል በምትባል ከተማ የተሠራች፣ አራት ሰው የምትይዝ፣ ባለ አንድ ሞተር ሚጢጢዬ ናት። ሞዴሏ ኤም 20 ጄ ነው፤ በሰዓት 201 ማይል ትደርሳለች ተብሎ «201» የሚል ቅጽል ወጥቶላታል። ባለቤቷ እዚህ ሚኔሶታ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የሚጠግኗት ደግሞ ጋሼ ናቸው፤ ሙያውን አዲስ አበባ አየር መንገድ ውስጥ ተምረው፣ እዚህ አገር ፈቃዳቸውን ያወጡ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ደብር የምናስቀድስ ሽማግሌ። እኔ የጭነት መኪና ነጂ ነኝ። ስለ አውሮፕላን የማውቀው ከላይ ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼን ለማድረስ ሃንጋሩ ድረስ ሄድኩና ክንፉ ሥር ጎንበስ ስል አንዲት ሰማያዊ እድፍ አየሁ። ልብስ ማጠቢያ ብሉ የነካው ጨርቅ ትመስላለች። «ይሄ ምንድነው ጋሼ?» ስላቸው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ክንፏ ያዣል» አሉኝ። ቁስል እንደሚያዥ! የትናንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሆን ተብሎ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፤ ከሌላው ዓይነት ነዳጅ እንዲለይ። ቤንዚኑ ሾልኮ ወጥቶ ሲተን ቀለሙ ላሜራው ላይ ይቀራል። ሌባው ኮቴውን ጥሎ እንደሚሄድ ማለት ነው።

እኔም እንደ መኪና ሰው፣ «ታዲያ ቋቱን ፈተን አናወጣውም? እንበይደው፣ ካልሆነም ይቀየር» አልኩ። ጋሼ ሳቁ። «የቱን ቋት?» አሉኝ። «የነዳጁን ነዋ!» ክንፉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና «ይኸውልህ። አውጣው እስኪ» አሉኝ።

ወይ ጉድ! ክንፉ ውስጥ የተቀመጠ ቋት የለም። ክንፉ ራሱ ነው ቋቱ!

ይህን ለመረዳት ቆይቻለሁና እናንተም አትቸኩሉ። ጠላ ለማስቀመጥ ሦስት መንገድ አለ እንበል። አንደኛው ጋን ገዝቶ ጓዳ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ አንዳንድ ትናንሽ አውሮፕላኖች እንዲህ ናቸው፣ የብረት ሣጥን ክንፋቸው ውስጥ ተቀምጦ ይታሰራል። ሁለተኛው ስልቻ ውስጥ ጨምሮ ስልቻውን ጓዳ ውስጥ መዘርጋት ነው፤ ይህም አለ፣ ከላስቲክ የተሠራ ከረጢት ክንፍ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ግን የዕብድ ሐሳብ ይመስላል፦ ጋኑንም ስልቻውንም ትቶ የጓዳውን ግድግዳ ስንጥቅ በሙሉ መምረግና ጠላውን በቀጥታ ጓዳው ውስጥ ማፍሰስ! ሙኒ ይህች ናት። የክንፉ የላይ ላሜራ ጣሪያ ነው፣ የታቹ ወለል፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት ረጃጅም አግዳሚዎች ግድግዳ ናቸው። በመሀላቸው ቤንዚኑ እንዲሁ ይንሳፈፋል። በሁለቱ ክንፎች 64 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 242 ሊትር ትይዛለች። ክብደቱ 174 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ወፍራም ሰዎች እንደ ማለት።

ዕብደት የመሰለኝን ነገር ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን ብልሃት ሆኖ አገኘሁት። ጋኑ ራሱ ክብደት አለውና፣ ጋን ከሌለ የጋን ክብደት የለም። ቦታም ይተርፋል። ደግሞ አስቡት፣ ሁለት ሰዎች ረጅም ዱላ ጫፍና ጫፉን ይዘው መሀሉ ላይ ባልዲ ውሃ ቢያንጠለጥሉ ዱላው ይጎብጣል። ያንኑ ውሃ ለሁለት ከፍለው ወደ እጆቻቸው ቢያስጠጉትስ? ዱላው ቀጥ ይላል! አውሮፕላንን የሚያነሡት ክንፎቿ ናቸው፤ ሰውና ሻንጣ የተሸከመው ሆዷ መሀል ላይ ያለው ባልዲ ነው። ነዳጁ ክንፍ ውስጥ ሲሆን የሚያነሡት እጆች ዘንድ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ክንፉ ከሥሩ እንዳይጎብጥ ያግዛል። ነዳጁ እየነደደ ሲያልቅም ክንፉ ያለበት ቦታ የሚዛኑ እምብርት አካባቢ ስለሆነ አውሮፕላኗ ወደ አፍንጫዋ ወይም ወደ ጭራዋ ብዙ አታጋድልም። እናንተም ከዱለስ ቦሌ ስትበሩ በመስኮት የምታዩት ያ ግዙፍ ክንፍ በዚሁ ዘዴ ነዳጅ የተሞላ ነው። ከመሀል የተቀመጣችሁትማ ወንበራችሁ ሥር ሳይቀር ነዳጅ አለ። አጃኢብ ነው!

እንግዲህ መከራው እዚህ ላይ ይጀምራል። ላሜራው በብየዳ የተያያዘ አይደለም፤ በሪቬት ነው የተሰፋው። ሪቬት ማለት ቀዳዳ በስቶ፣ ሚስማር መሰል ነገር ከትቶ፣ ጭንቅላቱን ቀጥቅጦ ማሰር ነው። በአጭሩ ይህ ጋን በሺህ የሚቆጠር ቦታ ላይ ተበስቷል! ቤንዚን ደግሞ ቀጭን ነገር ነው፤ ውሃ የማያልፍበትን ስንጥቅ አንገቱን ቀልሶ ያልፋል። ስለዚህ ፋብሪካው እያንዳንዱን መገጣጠሚያና እያንዳንዱን ሪቬት ከውስጥ መርጎታል። አረቄ ሲወጣ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የማሰሮውና የመቃው መገጣጠሚያ በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል። የአውሮፕላኑ ጭቃ ፖሊሰልፋይድ የሚባል ላስቲክ ነው። ሠራተኞቹ ሲላንት ይሉታል፤ እኔና ጋሼ ግን ምርጊት እንለዋለን።

የዚህ ምርጊት ታሪክ ራሱ አንድ ቡና ያስጠጣል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጆሴፍ ፓትሪክ የሚባል ሐኪም ከባልደረባው ከናታን ምኑኪን ጋር የመኪና ራዲያተር ውሃ በብርድ እንዳይረጋ የሚያደርግ ርካሽ ፈሳሽ ሊሠራ ይሞክራል። ቅመሙን ሲያደባልቅ የተመኘው ፈሳሽ ቀርቶ አስቀያሚ፣ የሚገማ ሙጫ ወጣለት። ሊያጥበው ቢል እምቢ፣ በሌላ ኬሚካል ሊያሟሟው ቢል እምቢ! ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ወርውሮ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ቆም ብሎ አሰበ፦ ምንም የማያሟሟው ላስቲክ እኮ ትልቅ ነገር ነው! ተራ ላስቲክ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይፈርሳል፤ ይህ ንቅንቅ አይልም። ስሙን ከግሪክ ቃላት «ድኝ» እና «ሙጫ» አውጥቶ ታዮኮል አለው። በ1929 የተቋቋመው ኩባንያ በግማቱ ምክንያት ጎረቤት አስመርሮ ከካንሳስ ሲቲ እስከ መልቀቅ ደርሷል። ጋሼ ቆርቆሮውን ሲከፍቱት ጎረቤቶቹ ምን እንደተሰማቸው ገባኝ።

ወደ ሙኒያችን እንመለስ። ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህን ሁሉ ዘመን ክንፏ በረራ ላይ ሲጎብጥ ሲቃና፣ በበጋ ሲግል በክረምት ሲቆረፍድ ኖሯል። የእግሮቿ ማለዘቢያ ደግሞ ዘይት ያለበት ሞላ አይደለም፤ የተደራረበ ወፍራም ላስቲክ ነው። አብራሪው ዱብ ሲያደርጋት ድንጋጤው ወደ ክንፏ ይወጣል። ምርጊቱም ቀስ በቀስ ጠንክሮ ከላሜራው መላቀቅ ጀምሯል።

ማዣት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ጋሼ እድፉን በደንብ አደረቁና «ሰዓትህን ያዝ» አሉኝ። 30 ደቂቃ ጠበቅን። እርጥበቱ የአሜሪካ ፔኒ ካከለ ወይም ካነሰ ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ እየተከታተሉ መብረር ይቻላል። ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ሲሰፋ ሁለተኛው፣ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሦስተኛው ነው። መንጠባጠብ ከጀመረ ግን አለቀ፣ አትነሣም። የእኛዋ ሦስተኛው ላይ ነበረች።

አሁን ደግሞ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልንገራችሁ። እድፉ ያለበትን ሪቬት አይቼ «እዚህ ላይ ከውጭ ትንሽ ብንለጥፍበትስ?» አልኩ። ለካ ከእኔ በፊት አንድ ሌላ ጠጋኝ ያንኑ አድርጎ ኖሯል፤ ግራጫ ጉርሻ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል፣ ዙሪያው ሰማያዊ ሆኗል። ሁለት ስሕተት አለው። አንደኛ፣ ከውጭ የተለጠፈን ነገር ቤንዚኑ ከጀርባው እየገፋ ያላቅቀዋል። ከውስጥ የተለጠፈውን ግን ቤንዚኑ ራሱ ግድግዳው ላይ ይጫነዋል። ጠላትህን ዘበኛ አድርገህ ቀጠርከው ማለት ነው! ሁለተኛው ይብሳል፦ የሚታየው ቀዳዳ መውጫው እንጂ መግቢያው አይደለም። ቤንዚን ከውስጥ በአንዱ ስንጥቅ ይገባና በሁለት ላሜራ መሀል ለመሀል ተንፏቆ፣ ክንድ ሙሉ ርቆ፣ በሌላ ሪቬት ብቅ ይላል። ቤታችሁ ጣሪያው ሲያፈስ ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታና ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል?

ታዲያ መግቢያው እንዴት ይገኛል? በዚህች ላይ ጋሼን ብድግ ብዬ ጨብጫቸዋለሁ። ቋቱ ባዶ ከሆነና የክንፉ መፈተሻ ክዳኖች ከተፈቱ በኋላ ነገሩን ገለበጡት። ከውጭ እድፉ ላይ ትንሽ ኩባያ መሰል ነገር ደፍተው በጣም ለስለስ ያለ የአየር ግፊት ሰጡ፤ ከውስጥ ደግሞ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀቡ። አየሩ ቤንዚኑ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ሄደ! እኔ መስታወትና የእጅ ባትሪ ይዤ (ባትሪው የእሳት ፍንጣሪ የማያወጣ ልዩ ዓይነት ነው) በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አያለሁ። ምንም የለም። ምንም የለም። ከዚያ፣ እድፉ ካለበት ሁለት ስንዝር ርቆ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ አንዲት አረፋ፣ ፑ… ፑ… ፑ። «በስመ አብ!» ብዬ ጮኽኩ። ሌባው በገዛ ኮቴው ተመልሶ ቤቱን አሳየን!

ግን አረፋው አንድ ብቻ አልነበረም። ጋሼ የምርጊቱን ጠርዝ በእንጨት መፋቂያ ነካ ሲያደርጉት እንደ ደረቀ የእንጀራ ጠርዝ ተላጠ። «ይሄን ብንጠግን በወሩ ሌላው ያዣል» አሉ። ባለቤቷም ተስማሙ፤ የዚያ ክንፍ ምርጊት በሙሉ ተነሥቶ እንደ አዲስ ሊመረግ ተወሰነ። የሁለቱ ወር ታሪክ ይኸው ነው።

ስልኩን ቃል በገባሁት መሠረት ላንሳው። ቤንዚን ሙሉ የሆነ ቋት ከባዶው የበለጠ የሚያስፈራ ይመስለኝ ነበር። ግልባጩ ነው። የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ከአየር ጋር የተደባለቀው ትነቱ ነው፤ ገና የተራገፈ ቋት ደግሞ የተሞላው በትነት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኗ በሽቦ ከመሬት ጋር ትታሰራለች፣ አየር እየተነፋ ትነቱ ይወጣል፣ ስልክና ተራ አምፖል ውጭ ይቀራል። እኔ ደግሞ የፊት መሸፈኛና ጓንት አድርጌ ጠፈርተኛ መስዬ ነበር።

ከዚያ መፋቅ። ስለ መፋቅ ብዙ አልልም፤ ክንዴ አሁንም ያመኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ በብረት አይፋቅም። ላሜራው አሉሚኒየም ስለሆነ ጭረቱ የስንጥቅና የዝገት መነሻ ይሆናል፤ መፋቂያው ጠንካራ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ነው። እዚህ ላይ ያ የካንሳስ ሲቲው ሐኪም ስንቴ ትዝ ብሎኝ ረገምኩት መሰላችሁ። ምንም የማያሟሟው ላስቲክ ትልቅ ነገር ነው አልኩ አይደል? እንግዲህ ልታነሣው ስትፈልግ ትልቅነቱን ታየዋለህ!

ቀጥሎ ማጽዳት ነው። እዚህ ጋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመኪናዬን መስታወት በስሕተት ስወለውል እንደኖርኩ ገባኝ። ኬሚካል ነክረህ ስትጠርግ ቅባቱ ይሟሟል እንጂ አይጠፋም። ኬሚካሉ በራሱ እንዲደርቅ ከተውከው ይተንና ቅባቱን መልሶ እዚያው ያነጥፈዋል። ስለዚህ በአንድ እጅ እርጥብ ጨርቅ፣ በሌላው ደረቅ፤ ሳይደርቅ ወዲያው መጥረግ። ጨርቁም ነጭ መሆን አለበት። «እስኪነጻ ድረስ» ሲባል የሚታየው ላሜራው አይደለም፣ ጨርቁ ነው፤ ነጭ ገብቶ ነጭ መውጣት አለበት። እኔ አምስት ጊዜ ነጻ ብዬ ጋሼ አምስት ጊዜ ጨርቃቸውን አሳይተውኛል።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል ደረስን፤ ድብልቁ። ምርጊቱ በሁለት ዕቃ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ነጣ ያለ ወፍራም ሊጥ፣ ሌላው ጥቁር። ለየብቻቸው ዓመት ቢቀመጡ አይደርቁም። ሲገናኙ ግን የነጩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ጫፍ ለጫፍ መያያዝ ይጀምራሉ። ጥቁሩ አስተዋዋቂ ነው፤ ሰርግ ላይ ዳር ዳር የቆሙትን ሁሉ እጅ ለእጅ አያይዞ ወደ እስክስታ እንደሚያስገባ ሰው። ከዚህ በኋላ ሰዓቱ እየሄደ ነው። የምርጊቱ ስም ራሱ ሰዓት ነው! «ቢ 2» የሚል ካያችሁ፣ «ቢ» ማለት የለውዝ ቅቤ የሚመስለው ወፍራሙ፣ «2» ማለት ደግሞ ለሥራ ያለህ ጊዜ ሁለት ሰዓት። «ኤ» ከሆነ በብሩሽ የሚቀባው ቀጭኑ ነው። በግምት አይደባለቅም፣ በሚዛን ተለክቶ ነው። ሲማሰል ደግሞ አየር እንዳይገባበት ቀስ ተብሎ፣ አንዲት መስመር እንኳ ሳትቀር። ጋሼ ኩባያዬን አዩና «ይሄ እኮ ስፕሪስ ነው» ብለው መለሱልኝ። ስፕሪስ ሆኖ ከቀረ ያልተደባለቀበት ቦታ ዕድሜ ልኩን ሳይደርቅ ይቀራል።

አቀባቡ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ቀጭኑ በብሩሽ፣ እየተጫኑ፣ ስንጥቁ ውስጥ እስኪሰርግ። ከዚያ ወፍራሙ ማዕዘኑን ተከትሎ እንደ ገመድ ይዘረጋና ጠርዙ እየሳሳ ከላሜራው ጋር ይዋሃዳል። ለምን ይወፍራል? ክንፍ ይንቀሳቀሳላ! በአንድ ስንጥቅ ላይ ቀጭን ሽፋን ብትዘረጉ፣ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ሲከፈት ሽፋኑ መሳብ ያለበት ያንን የፀጉር ያህል ቦታ ብቻ ላይ ነውና ይቀደዳል። ወፍራም ከሆነ ግን ስበቱን ለመላ አካሉ ያከፋፍለዋል። ቀጭን ክርና የጎማ ገመድ ሳስብ ነው የበራልኝ። መሪ ይዤ ነበር፣ ለብቻዬ ሳቅኩ።

እጄ ሲፈታ ደግሞ ልቤ አበጠና ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ መድፈን ጀመርኩ። ጋሼ «ቁም!» ብለው ጮኹብኝ። ለካ ክንፉን በሚከፋፍሉት የውስጥ ግድግዳዎች ግርጌ ላይ ሆን ተብለው የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ነዳጁ፣ ከሱ ጋር የተቀላቀለ ውሃ ካለም ውሃው፣ በነዚያ በኩል ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ከዚያ ዝቅተኛ ቦታ ትንሽ በብርጭቆ ቀድቶ ያያል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ቀዳዳው በምርጊት ከተደፈነ ግን ውሃው ከግድግዳው ጀርባ ተደብቆ ይቀራል። ብርጭቆው ንጹሕ ነው፣ አብራሪው ይነሣል፣ አየር ላይ ስታጋድል ውሃው ግድግዳውን ዘልሎ ሞተር ውስጥ ይገባል! ይህ የጋሼ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1985 (እ.ኤ.አ.) የሙኒ ቋቶች ለዚሁ ችግር እንዲፈተሹ አዝዟል። ጋሼ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን እንጨት ነክተው ቆጠሩ። ከዚያም እኔን አስቆጠሩኝ።

መድረቁ ቀናት ወሰደ፤ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሚኔሶታ ደግሞ ሙቀት የላትም። ከውጭ ለብ ያለ አየር እየነፋንለት ጠበቅን። ግን ክንፍ ውስጥ ያለው መድረቁ በምን ይታወቃል? እየገቡ መጫን አይቻልም። ጋሼ ከእያንዳንዱ ድብልቅ የተረፈውን ከነኩባያው ቀን ጽፈው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ኖሯል። ኩባያው ውስጥ ያለው የክንፉ መንታ ወንድም ነው፤ አንድ ቀን ተወለዱ፣ አንድ አየር ተነፈሱ። ጥፍሬን ጫን ሳደርግበት ጎድጎድ አለና መልሶ ሞላ። ሳይጣበቅ!

ክዳኖቹ ታሰሩ፣ በለስላሳ ግፊት ተፈተነ፣ ቤንዚን ተሞላ፣ ጋሼ መዝገቡ ላይ ፈረሙ። አደረ። በማግስቱ ማለዳ በጀርባዬ ተኝቼ ክንፉ ሥር በባትሪ ሪቬት ለሪቬት ሄድኩ። ሰማያዊ የለም። ነጭ ጨርቅ አሳለፍኩበት፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። ለጋሼ አሳየኋቸው። ጨርቁን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ገለበጡት፣ «እህም» አሉ። እሳቸው «እህም» ሲሉ ብዙ ነው።

አንዷን ኩባያ ለማስታወሻ ይዤ ወደ ቤት መጣሁ፤ ቡና ስትመጡ አስነካችኋለሁ። ፍጠኑ ብቻ። ባለቤቴ ከትናንት ጀምሮ ማድ ቤት ውስጥ የሚገማውን ነገር እየፈለገች ነው።